ቆጵሮስን በፀደይ፦ ከላርናካ ባሕር ዳር እስከ ትሮዶስ መንደሮች በሰባት ቀን

ቆጵሮስ ካርታ ላይ ስትታይ በአንድ ቀን ተዙራ የምታልቅ ትመስላለች። ከላርናካ ሊማሶል 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሊማሶል ጳፎስም እንደዚያው። ስለዚህ ብዙ ሰው ባሕር ዳር ሆቴል ይይዝና ተራራውን «አንድ ቀን ደርሰን እንመለሳለን» ይላል። ዕቅዱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የትሮዶስ ተራራ መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ 20 ኪሎ ሜትሩ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። መንደሮቹ የሚያምሩት ጠዋት የቱሪስት አውቶቡሶች ከመድረሳቸው በፊትና ማታ ከሄዱ በኋላ ነው። በግድግዳ ሥዕል የታወቁት ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ብዙዎቹ ቁልፋቸው በመንደሩ ሰው እጅ ነው፤ ያ ሰውም ቀትር ላይ ምሳውን ይበላል፣ ትንሽ ጋደም ይላል።

ከስድስቱ ሌሊት ሦስቱን ተራራ ላይ እደሩ። አንዱን ላርናካ፣ ሦስቱን ትሮዶስ፣ ሁለቱን ጳፎስ። የሚከተለው ሁሉ በዚህ አከፋፈል ላይ የቆመ ነው።

1. ወሩን ምረጡ፣ ከዚያ የፋሲካን ሳምንት አረጋግጡ

በማርች ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ተራራው ግን ገና በረዶ ሊጥልበት ይችላል፣ ዝናብም አለ። ኤፕሪል (ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 22) ከሁሉ ይሻላል፦ ባሕር ዳሩ ቀን ላይ 22 እና 23 ዲግሪ ይደርሳል፣ ቀይ የሜዳ አበባ በየመንገዱ ዳር ይፈካል፣ ፔዱላስ መንደር ላይ የቼሪ ዛፎች ያብባሉ። በሜይ አግሮስ መንደር ጽጌረዳውን ይለቅማል፤ ወሩ ሲገባደድ ግን የቆላው ሣር ቢጫ ሆኗል። ባሕር መዋኘት ዋናው ዓላማችሁ ከሆነ ከሜይ አጋማሽ በፊት አትሂዱ፤ በኤፕሪል ውሃው 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ገብቶ መቆየት ይከብዳል።

ለእኛ አንባቢ ከወሩ ይልቅ የሚበልጥ ነገር አለ። የቆጵሮስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን የምታከብረው ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ ቀን ነው። በ2027 ሜይ 2 (ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም.)፣ በ2028 ደግሞ ኤፕሪል 16 (ሚያዝያ 8 ቀን 2020 ዓ.ም.) ይውላል። በሰሙነ ሕማማት መድረስ ትልቅ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ከስቅለት ዓርብ እስከ ማክሰኞ ብዙ ሱቅና መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ አውቶቡስ ይሳሳል፣ የተራራው ማረፊያ ሁሉ በከተማ ሰው ይሞላል። ለዚያ ሳምንት አልጋ ከሁለትና ሦስት ወር በፊት ያዙ። ማርች 25፣ ኤፕሪል 1 እና ሜይ 1ም የበዓል ቀናት ናቸው።

2. ወረቀቱን አስተካክሉ

ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችው በ2004 ነው፤ የቪዛው ጉዳይ ግን ለብቻው ይታያል። ከአንድ ጊዜ በላይ ለመግባት የሚያስችል የሸንገን ቪዛ ለያዙ ሰዎች የተለየ አሠራር አላት። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው ግን በእሱ ተማምኖ እንዳይነሣ። ኤምባሲዋን በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን አትማችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚያስቀራችሁ ላርናካ ላይ ያለው መኮንን ሳይሆን በተነሣችሁበት አገር የአየር መንገዱ ሠራተኛ ነው፤ የታተመው ወረቀት የሚጠቅመውም እዚያ ነው።

ደሴቲቱ ከ1974 ጀምሮ ለሁለት ተከፍላለች። በላርናካ ወይም በጳፎስ ግቡ። በሰሜኑ ኤርጃን አየር ማረፊያ መግባትን የቆጵሮስ ሪፐብሊክ (ደቡቡ) ሕገ ወጥ አድርጎ ነው የሚያየው። ኒቆስያ ላይ በሌድራ ጎዳና በእግር መሻገር ይቻላል፤ ፓስፖርት ያዙ። በደቡብ የተከራያችሁት መኪና ኢንሹራንስ ሰሜን ላይ ስለማይሠራ መኪናውን አቁሙት።

3. መኪናውን ስትረከቡ

ባቡር የለም። አራቱን ትልልቅ ከተሞች ኒቆስያን፣ ላርናካን፣ ሊማሶልንና ጳፎስን የሚያገናኝ ጥሩ አውቶቡስ አለ፤ የመንደር አውቶቡስ ግን በተማሪና በሠራተኛ ሰዓት የሚሄድ ስለሆነ በቀን ከጥቂት ጊዜ በላይ አይመላለስም። መኪና የማትነዱ ከሆነ ፕላትሬስን ወይም ካኮፔትሪያን አንዱን መርጣችሁ እዚያው ተቀመጡና በእግር ዙሩ፤ በቀን ሦስት መንደር በአውቶቡስ አይሞከርም።

የሚነዳ ሰው መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው በግራ መንዳትን ነው። መሪው በቀኝ ነው። ስሕተት የሚፈጠረው መኪና በበዛበት መንገድ ላይ አይደለም፤ እዚያ ሌላውን ትከተላላችሁ። የሚፈጠረው ጠዋት ከባዶ ግቢ ስትወጡ፣ ከነዳጅ ማደያ ስትወጡ እና ወደ ቀኝ ከታጠፋችሁ በኋላ ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው በነዚህ ሦስት ቦታዎች ጮክ ብሎ «ግራ!» ይበል፤ ለሁለት ቀን ብቻ። አደባባይ ላይ የምትዞሩት በሰዓት አቅጣጫ ነው፣ ቅድሚያ የምትሰጡት ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ሌላው የተለመደ ጉዳት የግራ ጎማ ነው፤ በግራ ተቀምጦ መንዳት የለመደ ሰው የመኪናውን ግራ ጎን ስፋት ስለሚረሳ ከጠርዝ ድንጋይ ጋር ያጋጨዋል። ጎማና የመኪና ሆድ ደግሞ በተለመደው የኪራይ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይካተቱም፤ ውሉን ስትፈርሙ እነዚህን ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ። አራቱንም ጎማና ጠርዛቸውን ሰዓቱ በሚታይበት ቪዲዮ ቅረጹ።

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ዓለም አቀፉን ፈቃድ አስቀድሞ ያውጣ። የፍጥነት ወሰኑ በአውራ ጎዳና 100፣ ከከተማ ውጭ ባለ መንገድ 80፣ በከተማ 50 ነው፤ ካሜራ አለ፣ ቅጣቱም በአከራዩ በኩል ይደርሳችኋል።

የመንገዶቹን ፊደል ተማሩ። «ኤ» አውራ ጎዳና ነው፤ «ቢ» ዋና መንገድ ነው፤ «ኢ» ጠበብ ይላል፤ «ኤፍ» ከሁሉ ይጠባል፣ አንዳንዱም አስቸጋሪ ነው። የስልክ ካርታ አምስት ደቂቃ ለማትረፍ ሲል ገደል ዳር ባለ «ኤፍ» ይመራችኋል። ወደ ተራራው በ«ቢ 8» ከሊማሶል፣ ወይም በ«ቢ 9» ከኒቆስያ በኩል ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ነዳጅ ሙሉ። ማታና በበዓል ማደያው ሰው የለውም፤ ገንዘብ የምትከፍሉት ለማሽን ነው፦ የማደያውን ቁጥር ትመርጣላችሁ፣ ገንዘቡን ታስገባላችሁ፣ ትቀዳላችሁ። ማሽኑ መልስ አይሰጥምና ትንንሽ የዩሮ ኖት ያዙ።

ስትወርዱ ፍሬን ብቻ እየረገጣችሁ አትውረዱ። አውቶማቲክ ቢሆንም ማርሹን ወደ ዝቅተኛው አምጡት። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ፍሬኑ ግሏል ማለት ነው፤ ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙና ሃያ ደቂቃ ያህል ይብረድ። ዝናብ በጣለ ማግስት ከኩርባው ጀርባ የወደቀ ድንጋይ ጠብቁ።

4. ሻንጣው

ከፍታውን በአዲስ አበባ አትለኩት። ፕላትሬስ 1,100 ሜትር ግድም ነው፣ ከአዲስ አበባ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ደሴቲቱ ከምድር ወገብ 35 ዲግሪ ሰሜን ስለሆነች የኤፕሪል ሌሊቱ የጥር ሌሊት የሚያስታውስ ቅዝቃዜ አለው። ወፈር ያለ ሹራብ፣ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት፣ የማያንሸራትት ጫማ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽና ረጅም ቀሚስ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ፤ ገዳማት በቁምጣና በባዶ ትከሻ አያስገቡም። ሶኬቱ የእንግሊዙ ባለ ሦስት ጥርስ ነው፤ ከዱባይ ለምትመጡ ያው የለመዳችሁት ነው፣ ከእስራኤልና ከአሜሪካ ለምትመጡ ግን መቀየሪያ ያስፈልጋል።

5. ላርናካ፦ አንድ ከሰዓትና አንድ ጠዋት

ከአልዓዛር ቤተ ክርስቲያን ጀምሩ። ጌታ ከሞት ያስነሣው አልዓዛር ወደ ቆጵሮስ መጥቶ ጳጳስ ሆነ የሚል ትውፊት አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በ9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በመቃብሩ ላይ ተሠራ። ከመቅደሱ ፊት በቀኝ በኩል ባለው ጠባብ ደረጃ ወደ መቃብሩ ይወረዳል፤ ጎንበስ በሉ፣ ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ከሆናችሁ የአልዓዛር ሥዕል በከተማው መንገዶች ይዞራል።

እዚህ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት ይሠራል። ጫማ አይወለቅም። የእኛ ሰው በር ላይ ጫማውን ፈትቶ ሲገባ ሰዉ ግራ ይጋባል። ጧፍ ከመግቢያው ላይ ይነሣል፣ ሳንቲም እዚያው ሳጥን ውስጥ ይጣላል። ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ ይቻላል፤ ቁርባን ግን አብያተ ክርስቲያናቱ በምሥጢር አንድ ስላልሆኑ ለመቀበል አትሰለፉ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጨው ሐይቁ ሂዱ። በዳርቻው ያለው ሃላ ሱልጣን ተኬ የሙስሊሞች የከበረ ስፍራ ነው፤ እዚያ ጫማ ይወለቃል። የዘምባባዎቹ የባሕር ዳር መንገድ ለመጀመሪያው ቀን ማታ ነው።

6. በሌፍካራ በኩል ወደ ተራራው

ከላርናካ ሌፍካራ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡሶች ይመጣሉ። መኪናችሁን መንደሩ መግቢያ ላይ አቁሙ። ይህ ለሁሉም የተራራ መንደር የሚያገለግል ሕግ ነው፦ ጎዳናዎቹ ለአህያ የተሠሩ ናቸው፣ እየጠበቡ ሄደው በደረጃ የሚያልቁ አሉ፣ ወደ ኋላ መውጣት ደግሞ መስታወት ያስከፍላል።

ሌፍካራ የሚታወቀው በእጅ በሚሠራ ዳንቴል ነው፤ ዩኔስኮ በ2009 መዝግቦታል። በማሽን የተሠራና ከውጭ የመጣ ዳንቴልም ከጎኑ ይሸጣል። መለያው ቀላል ነው። ጨርቁን ገልብጡት፦ እውነተኛው የሌፍካራ ሥራ ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ነው፤ የተንጠለጠለ ክር ወይም ቋጠሮ ጀርባው ላይ ካለ ተዉት። የጥልፍ ሥራ በቤቱ ያየ ሰው ልዩነቱን በጣቱ ያውቀዋል። ትንሿ ሥራ እንኳ ብዙ ቀን ስለምትፈጅ በጣም ርካሽ ከሆነች የእጅ አይደለችም። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የምትሠራ እናት ካለች ከእሷ ግዙ፤ ሥራውን በሕይወት ያቆዩት እነሱ ናቸው።

ከዚያ በሊማሶል አልፋችሁ ወደ ኦሞዶስ ውጡ፤ የወይን አገር ነው፣ አደባባዩ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ከጎኑ የቅዱስ መስቀል ገዳም። ምሳ ብሉና ለመኝታ ወደ ፕላትሬስ ወይም ወደ ካኮፔትሪያ ቀጥሉ። ምርጫው እንዲህ ነው፦ ለእግር ጉዞ ፕላትሬስ፣ ለአብያተ ክርስቲያናቱና ለአሮጌ የእንጨት ሰገነት ቤቶች ካኮፔትሪያ። አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ካኮፔትሪያ ይሻላል፤ ዝቅ ስለሚል ሌሊቱም ይለዝባል።

በእግር የምትሄዱት የካሌዶኒያ ፏፏቴ መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ፣ ከፕሬዚዳንቱ የበጋ ቤት አጠገብ ጀምራችሁ ወደ ፕላትሬስ ውረዱ፤ ከታች የጀመረ ሰው ሁሉንም ዳገት ይወጣዋል። ወንዙን ደጋግማችሁ በድንጋይ ላይ ስለምትሻገሩ ከዝናብ በኋላ ያዳልጣል። (በኋላ ሐረር ገብቶ የኖረው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርቱር ራምቦ በ1880 የዚያ የበጋ ቤት ግንባታ ላይ ሠርቷል፤ ግድግዳው ላይ ስሙ ተጽፏል።)

7. ቁልፉን መፈለግ

የጉዞው እምብርት ይህ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። በትሮዶስ ያሉ አሥር ባለ ሥዕል አብያተ ክርስቲያናት በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፦ ዘጠኙ በ1985፣ አሥረኛው በ2001።

ጉልላት እየፈለጋችሁ አትሂዱ። ከበረዶ ለመከላከል በላያቸው በጣም ያዘቀዘቀ የእንጨት ጣሪያ ስለተደረገባቸው ከውጭ ሲታዩ ጎተራ ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው በፊታቸው አልፎ ሄዶ ይመለሳል። በካኮፔትሪያ ያለው የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ስሙ ራሱ «የጣሪያው» ማለት ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ማረፊያችሁ ውስጥ ያለውን ሰው የቁልፍ ያዡን ስልክ ጠይቃችሁ አስደውሉ። ካልተገኘ መንደሩ ውስጥ ቡና ቤት ግቡ፤ የመንደሩ ወሬ፣ ቄሱም፣ ቁልፉም ያለው እዚያ ነው። ሰላምታ ስጡ፣ ቡና እዘዙ፤ «ስኬቶ» ያለ ስኳር፣ «ሜትሪዮ» መካከለኛ፣ «ግሊኮ» ጣፋጭ። አተላው ከታች ስለሚቀር እስከ መጨረሻው አትጠጡት። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ጥሩ፤ አንድ ሰው ይነሣል። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ማንንም አታስቸግሩ። ውስጥ ፎቶ ማንሣት አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ሳጥን ጥቂት ዩሮ ጣሉ፣ ለቁልፍ ያዡ በእጁ ገንዘብ ከማስጨበጥ ይሻላል።

ሁሉንም አሥሩን በአንድ ቀን አትሞክሩ። ሦስት ይበቃል፤ ከአራተኛው በኋላ ዓይን ይደክማል፣ ሥዕሉ ይደባለቃል። በመጀመሪያ አሲኑ፦ ሥዕሎቹ የተጀመሩት በ1105 እና 1106 ነው፤ መግቢያው ክፍል ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ተቀምጦ ስታዩት ከአገራችሁ ግድግዳ የመጣ ይመስላችኋል። ቀጥሎ ላጉዴራ፣ በ1192 የተሣለ፤ እዚያ አንገታችሁን ወደ ጉልላቱ አቅኑና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ሦስተኛው በፔዱላስ ያለው የሊቀ መላእክት ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ1474 የተሠራ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የምትይዝ። የእጅ ባትሪ ቢኖራችሁም ሥዕሉ ላይ አታብሩ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከፔዱላስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ኪኮስ ገዳም አለ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የምትባል የእመቤታችን ሥዕል አለችበት፤ ፊቷ ስለተሸፈነ አይታይም።

8. በጾም ወር ምን ይበላል

ዐቢይ ጾም እነሱ የሚጀምሩት ከእኛ በአንድ ሳምንት ዘግይተው ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አይበሉም። ስለዚህ «ኒስቲሲሞ» የምትለዋን ቃል ያዙ፤ የጾም ማለት ናት፣ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። አንድ ልዩነት አለ፦ ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ በእነሱ ዘንድ የጾም ናቸው። የማትበሉ ከሆነ ለብቻው ንገሯቸው፣ አለበለዚያ ሳህኑ በእነሱ ተሞልቶ ይመጣል።

በልበ ሙሉነት የሚታዘዙት እነዚህ ናቸው፦ ሉቪ (ዓይን የመሰለ ጥቁር ነጥብ ያላት አደንጓሬ፣ ከቆስጣ ጋር ተቀቅላ በዘይትና በሎሚ)፣ ሙጄንድራ (ምስርና ሩዝ በተጠበሰ ሽንኩርት)፣ ኮሎኮቴስ (ዱባ፣ ዘቢብና ቅንጬ የተሞላ)፣ ታሂኖፒታ (የሰሊጥ ጣሂና ያለበት ጣፋጭ ቂጣ)። ኩፔፒያ የሚባለው የወይን ቅጠል ጥቅልል ብዙ ጊዜ ሥጋ አለበት፤ የስፒናች ቂጣም አይብ ይገባበታል። ሐሉሚ አይብ ሳይጠየቅ ሰላጣ ላይ የሚመጣ ነገር ነው።

ጾም ካልሆነ «ሜዜ» እዘዙ፤ ለሁለት ሰው ነው የሚቀርበው፣ እስከ ሃያ ሳህን ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳህኖች አትጥገቡ፣ ሥጋው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

9. የትንሣኤ ሌሊት

መንደር ውስጥ ሁኑ፣ ከተማ አይደለም። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ድረሱ፣ ጧፍ ያዙ። እኩለ ሌሊት ሲሆን መብራቱ ይጠፋል፣ ቄሱ ከመቅደስ ብርሃኑን ይዘው ይወጣሉ፣ ከጧፍ ወደ ጧፍ ይተላለፋል። «ክሪስቶስ አኔስቲ» ሲሏችሁ «አሊቶስ አኔስቲ» በሉ። በቅጥር ግቢው የይሁዳ ምስል የሚቃጠልበት ትልቅ እሳት ይነዳል፣ ወጣቶች ርችት ይወረውራሉ፤ ሕፃናትን ከእሳቱ ራቅ አድርጉ፣ መኪናችሁንም ሌላ መንገድ ላይ አቁሙ። ፍላውና የሚባለውን የአይብና የእንቁላል ዳቦ ዳቦ ቤቶች ከቀናት በፊት ይሸጡታል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግዙ፣ እሑድ ሁሉም ዝግ ነው።

10. መውረድ፦ ከትሮዶስ ወደ ጳፎስ

ከኪኮስ በዝግባ ሸለቆ በኩል የሚወርደው መንገድ ውብ ነው፤ ግን ቀርፋፋና ሰው የማይገኝበት ስለሆነ ከቀትር በኋላ አትጀምሩት። ሌላው አማራጭ ወደ ሊማሶል አቅጣጫ ወርዶ የጥንቱን ከተማ ኩሪዮንን ማየት ነው፤ ጥንታዊው ቲያትር ባሕሩን ቁልቁል ያያል፣ ጥላ ግን የለውም፣ ስለዚህ ከአራት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ። ከዚያ በድሮው የባሕር ዳር መንገድ ወደ ፔትራ ቱ ሮሚዩ፣ የአፍሮዲት ድንጋይ ወደሚባለው የባሕር ዳር ቋጥኝ። መኪና ማቆሚያው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ አስፋልቱን በሩጫ አትሻገሩ፣ ከሥር የሚያልፍ መተላለፊያ አለ። ጠጠሩ ያሳምማል፣ ማዕበሉም በፀደይ ኃይለኛ ስለሚሆን እግር መንከር ይበቃል።

ጳፎስ ላይ የሞዛይክ ቤቶቹን ጠዋት፣ የነገሥታት መቃብሮች የሚባለውን ከሰዓት እዩ። በማግስቱ ፖሊስ ወደምትባለው ከተማና ወደ ላቺ ወደብ ውጡ። ወደ አካማስ ልሳነ ምድር የሚገባው የአፈር መንገድ ኢንሹራንስ ስለሚያሳጣ ትንሿን የኪራይ መኪና አታስገቡት፤ ከላቺ ጀልባ አለ፣ ከአፍሮዲት መታጠቢያ በእግርም ይኬዳል።

ከጳፎስ የምትበሩ ከሆነ መኪናውን እዚያው ለመመለስ ተጨማሪ ክፍያ ይኖር እንደሆነ ውሉ ላይ አስቀድማችሁ አስጽፉ። ስትመልሱ ሙሉ ነዳጅ፣ የማደያው ደረሰኝ፣ እና ስትረከቡ የቀረጻችሁት ዓይነት ሁለተኛ የጎማ ቪዲዮ።